እናቴ ቤቴ ገብታ ሥራ ስትፈታ

ነገሩ የጀመረው በሲኒ ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ጠጥተን ስንጨርስ እናቴ ረከቦቱ ላይ ያሉትን ሲኒዎች ሰብስባ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች። እኔም ከኋላዋ ተከትዬ፣ «እማዬ ተዪው፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» ብዬ ከእጇ ተቀበልኳት። ክፋት አልነበረብኝም። ዕድሜዋ ሰባ ስምንት ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ የወጥ ቤታችን ወለል ደግሞ ውኃ ሲነካው ያዳልጣል። እሷ ግን እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ እዚያው ቆማ ትንሽ አየችኝና፣ «እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ተመልሳ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እስከ ማታ ድረስ ከ«እሺ» እና ከ«እግዜር ይስጥሽ» በቀር ቃል አልወጣትም።

ይህን የምጽፈው እንደኔ እናታቸውን ወይም አባታቸውን ቤታቸው ለወሰዱ ሰዎች ነው። በእኔ ላይ የደረሰው በብዙ ቤት እየደረሰ እንደሆነ ከሥራ ባልደረቦቼም ከማኅበር እህቶቼም ስለምሰማ፣ የሆነውን እንዳለ ልናገር።

እናቴ ዕድሜዋን የኖረችው ፒያሳ ነው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ሰባት አባወራ በሚኖርበት አንድ ግቢ ውስጥ አራት ልጆች አሳድጋለች። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበተነ። ከፊሉ ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ከፊሉ ልጆቹ ዘንድ ገባ። እናቴ እኔ ጋ መጣች። እኛ አራት ኪሎ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ ባለቤቴ፣ የአሥራ አራት ዓመት ሴት ልጄ፣ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጄ፣ እንዲሁም የምታግዘን ልጅ። ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወርዶ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጡ ፒያሳ ነው። ለእኔ የሃያ ደቂቃ መንገድ ስለሆነ ሩቅ የወሰድኳት አልመሰለኝም ነበር።

ምን እንደጎደለባት የገባኝ ዘግይቶ ነው። እዚያ ሳለች ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ጊዮርጊስ ኪዳን ታደርሳለች። ስትመለስ የአንዷን ጎረቤት ሕፃን ትይዛለች፣ የሌላዋን በርበሬ ታሰጣለች፣ የታመመ ካለ አጥሚት አፍልታ ታደርሳለች። ከሰዓት ቡናው ተራ በተራ ነው። ዕድሩ አለ፣ ጽዋው አለ፣ ክርስትና ሲኖር እንጀራ ጋገራው አለ። የሚፈልጋት ሰው ሳይኖር ውሎ አያውቅም። እኔ ቤት ስትገባ ግን የሚጋግር አለ፣ የሚያጥብ አለ፣ ቡናም የሚያፈላ አለ። የሦስት ፎቅ ደረጃው ለብቻዋ አያስወጣትም። በምቾት አስቀመጥኳት ብዬ ባዶ እጇን አስቀመጥኳት።

ፊቷ ሲጠወልግ መጀመሪያ ያሰብኩት በሽታ ነው። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ደም ግፊቷም ስኳሯም ደህና ነው ተባለ። መንፈሳዊ መርሐ ግብር የሚያሳየውን ጣቢያ ከፈትኩላት፤ ለጥቂት ቀን አየችና እንደተከፈተ መተኛት ጀመረች። አዲስ ጋቢ ገዛሁላት፤ አመሰግናለሁ ብላ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ምግቧም ቀነሰ። «ምን ጎደለብሽ?» ስላት «ምንም፣ ተመስገን» ነው መልሷ። የኛ እናቶች አልጎደለብኝም ካሉ ነገሩ አለቀ፤ ማንም ከዚያ በላይ ቃል አያወጣቸውም።

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ፣ መስቀል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከፒያሳ ይዛው የመጣችውን ትልቁን መሶብ ለዳቦ ላወጣው ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት። ክዳኑን ስከፍተው ውስጡ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታሁት። አንዲት እንዝርትና ግማሽ የደረሰ ልቃቂት ነበር። ጥጡ ወደ ቢጫነት አድልቷል፣ የእንዝርቷ እንጨት ግን ከብዙ ዓመት እጅ የተነሳ እንደ ቅባት ያበራል።

«ይሄ የምንድነው እማዬ?»

«የአባትሽ ጋቢ ነበር» አለች። አባቴ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። «ማጉን እየፈተልኩለት ሳለ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲያ አላነሳኋትም።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። በልጅነቴ ስትፈትል አይቻለሁ፤ የእንዝርቷን ድምፅ እየሰማሁ ነው የቤት ሥራዬን የሠራሁት። ልንካው ስል ግን ሁልጊዜ «አንቺ ደብተርሽን ያዢ» ትለኝ ነበር። የሷ ትውልድ እናቶች እኛን ያስተማሩን እንዝርቱንና ምጣዱን ከእጃችን እያራቁ ነው። እኔም ተምሬ የሒሳብ ሠራተኛ ሆንኩ፤ አርባ አራት ዓመት ሞላኝ፤ አንድ ክንድ ክር መፍተል ግን አላውቅም። ያን ጊዜ እሷን ለማጫወት ብዬ ሳይሆን የእውነት አምሮኝ «አስተምሪኝ» አልኳት።

«አሁን? ለምንሽ?»

«ለልጄ ጋቢ ላሠራለት።»

ቀና ብላ ስታየኝ ያ ከሲኒው ቀን ጀምሮ የጠፋው ፊት ተመልሶ አየሁት። «ጥጥ ታመጫለሽ» አለች። መስቀል እንዳለፈ መርካቶ ወርጄ ፍሬው የወጣለት ጥጥ ገዝቼ መጣሁ።

አፈታተሉን ለማያውቅ ልንገር። ድሮ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ጥጡ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በመዳመጫ ብረት እየተዳመጠ ፍሬው ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፍና ነጭ አረፋ የመሰለ ባዘቶ ይሆናል። እኛ ደጋን ስላልነበረን ትሪ ላይ ዘርግተን በጣታችን እየበተንን አፍታታነው። እናቴ ከባዘቶው ቆንጠር አድርጋ በመዳፏ ታንከባልለውና የጣት ያህል ለስላሳ ጥቅል ታደርገዋለች፤ አመልማሎ የሚባለው እሱ ነው። የአመልማሎው ጫፍ እንዝርቷ ላይ ካለው ክር ጋር ይያያዛል። ቀኝ እጅ እንዝርቷን ጭን ላይ አሽከርክሮ ይለቃታል፣ ግራ እጅ አመልማሎውን ይዞ ወደ ላይ ይርቃል። በመሃል ያለው ጥጥ እየቀጠነ፣ እየከረረ ክር ይሆናል። ክንድ ያህል ሲሆን እንዝርቷ ላይ ይጠቀለላል፤ ደግሞ ይጀመራል። እንዝርቷ ስትሞላ ክሩ ይጠነጠንና ልቃቂት ይሆናል።

ሲታይ ቀላል ነው። የእኔ ክር ግን አንዱ ቦታ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይበጠሳል፣ ሌላው ቦታ ጥጡ ሳይፈታ እንደ አባ ጨጓሬ አብጦ ያልፋል። አንዳንዴ እንዝርቷን አብዝቼ አሽከረክርና ክሩ ከርሮ በራሱ ላይ ይጠማዘዛል። እንዝርቷ ወለሉ ላይ ወድቃ ሶፋ ሥር ስትገባ ልጄ እየተሳበ ያወጣልኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ለሰው የሚታይ ክር አላወጣሁም።

እናቴ ግን ያ ሁሉ ቀን ዝም ያለችው ሴትዮ አልነበረችም። «እንደሱ አይደለም!» ትላለች። እጄን ይዛ ከፍ ታደርገዋለች። «አትጎትቺው። ጥጡ ራሱ ይመጣል፤ አንቺ በሩን ክፈችለት እንጂ።» ሲበጠስብኝ ልቋጥረው ስሞክር ቆጣ ብላ፣ «ቋጠሮ አትቋጥሪ! ሁለቱን ጫፍ አፍታቺና አንድ ላይ ይዘሽ አሽከርክሪው፣ ይያያዛል» ትለኛለች። እውነትም ይያያዛል፤ የተበጠሰበት ቦታ ተመልሶ አይታወቅም። ሥራ ቦታ ሆኜ ሳይቀር ጣቶቼ ሳላስበው ሲንቀሳቀሱ አገኛቸው ነበር። እሷም ከሥራ የምገባበትን ሰዓት መጠበቅ ጀመረች። ስገባ አመልማሎው ትሪው ላይ በረድፍ ተሰልፎ ተዘጋጅቶ ይቆየኛል።

በዚህ ውስጥ ያስተዋልኩትን ልናገር፤ ለሌላው የሚጠቅመውም ይህ ይመስለኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ሰጪ፣ እሷ ተቀባይ ነበርን። መድኃኒቱን፣ ምግቡን፣ ጋቢውን የምሰጠው እኔ ነበርኩ። እኔ የማልችለውን፣ እሷ የምትችለውን ነገር ስለምናት ግን ቦታችን ተመለሰ፤ እሷ እናት፣ እኔ ልጅ ሆንን። የእናንተ እናት እንዝርት ላታውቅ ትችላለች። ጠላ መጥመቅ፣ ስፌት መስፋት፣ ዳንቴል መሥራት፣ ተረት መተረት ይሆናል። አባት ከሆነም ዳዊት ያስደግማል፣ አትክልት ይኮተኩታል፣ ወንበር ይጠግናል። ዋናው የእውነት የማታውቁትን መጠየቅ ነው። ለማስደሰት ብቻ የተጠየቀ እንደሆነ ያውቁታል፤ ሽማግሌ በዚህ አይታለልም።

ጊዜን በተመለከተ፣ እኔም እንደማንኛዋ ሠራተኛ እናት ጊዜ የለኝም እል ነበር። ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ተሰልፌ ቤት ስደርስ አንድ ሰዓት ይሆናል። ነገር ግን ከእራት በኋላ ስልክ ይዤ የማጠፋው ሰዓት ነበር፤ ቆጥሬው አላውቅም እንጂ። ከዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ብቻ ወሰድኩ። ግማሽ ሰዓት ለጀማሪ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ትከሻ ይያዛል፣ ብስጭትም ይመጣል። ጭን ላይ ወፈር ያለ ጨርቅ ማድረግን አትርሱ፤ እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ቆዳዬ ቀልቶ ነበር። እጅም ደረቅ ይሁን፤ በላብ እጅ አመልማሎው ይጣበቃል።

ጸሎታችንም በዚያው መንገድ ተስተካከለ። በፊት ማታ ማታ ልጆቹን «ኑ እንጸልይ» ብዬ ስጠራ፣ አንዱ ከክፍሉ፣ አንዷ ከስልኳ እየተጎተቱ መጥተው አቡነ ዘበሰማያት ብለን እንበታተን ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ውዳሴ ማርያምን ግን ከልጅነቷ በጆሮዋ አጥንታ የየዕለቱን በቃሏ ትለዋለች። እንዝርቷ ስትሽከረከር እሷም ትጀምራለች፤ ሰኞ ከሆነ «ፈቀደ እግዚእ» ትላለች። ሳትቸኩል፣ ክሩ ክንድ ሲሞላ ቆም እያለች። አንድ ሰኞ ወንድ ልጄ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ጌታ አዳምን ነጻ ሊያወጣው ወደደ ማለት ነው። አዳም አዝኖ፣ ልቡ ተክዞ ነበር» አለችው። «ለምን ተከዘ?» አላት። «ከቤቱ ወጥቶ ነዋ» አለችው። እኔ ክሩ ተበጠሰብኝ። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይጠራ መጥቶ እግሯ ሥር ይቀመጣል።

እመቤታችንም ፈታይ እንደነበረች የነገረችው እሷ ናት። መልአኩ ገብርኤል ሲያበሥራት ሐርና ወርቅ አስማምታ እየፈተለች ነበር ይላል የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት፤ የብሥራት ሥዕል ላይ እንዝርት ይዛ የምትሳለውም ለዚህ ነው። እኔ ያን ሥዕል ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬ እጇ ላይ ያለውን አስተውዬ አላውቅም። ታኅሣሥ 22 የብሥራት በዓል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ልጄ ሥዕሉን አይቶ እጄን ጎተተኝና «እንዝርት!» አለኝ። ምሳሌ ምዕራፍ 31 ላይ ያለችው ልባም ሴትም እጇን ወደ እንዝርት የምትዘረጋ ናት። ሰርጌ ላይ የተነበበልኝ ምዕራፍ ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ሌላ ሰው የሚነበብ መስሎኝ ነበር።

ሴት ልጄን ማስገደድ አልፈለግሁም። አሥራ አራት ዓመት ከባድ ዕድሜ ነው፤ የምትወደውን ነገር እናት ከጠቆመችው ትተወዋለች። አያቷም ጥበበኛ ናት፤ አንድም ቀን «ነይ» አላለቻትም። ባለቤቴ ግን ከሁላችን ቀድሞ ገባበት። የሚፈትል እንኳ አይደለም፤ ክር እየያዘ ያስጠነጥናል። እናቴ መጀመሪያ አፍራ «ኧረ አንተ፣ ወንድ ልጅ!» ስትለው፣ «እማማ፣ እርስዎ ይዘዙ እንጂ እኔ ምን ገዶኝ» አላት። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እሱ ሁለት እጁን ዘርግቶ እሷ ስታጠነጥን፣ ስለ ዱሮ ፒያሳ ያወራሉ። በአሥራ ሰባት ዓመት ትዳር ውስጥ ያላየሁት ወሬ በመካከላቸው ተከፈተ።

እናቴ የማትደራደርበት ነገር ደግሞ አለ። ቅዳሜና እሁድ እንዝርት አይነሳም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ አይነሳም። ጊዮርጊስ የደብሯ ታቦት ስለሆነ 23ትንም ጨምራለች። በዋዜማው ማታ እንዝርቷ ግድግዳው ላይ ትሰቀላለች፤ ቀን የሚጀምረው ከምሽት ነው ትላለች። መጀመሪያ ሥራ የሚያጓትት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ለእኔም ዕረፍት ሆነልኝ። የቢሮ ሥራ ቅዳሜም እሁድም በስልክ ተከትሎ ይመጣል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን እንዝርት ሳይ ስልኩንም አብሬ አስቀምጠዋለሁ።

ከእንዝርቱ በኋላ ሌላውም ተከተለ። ሲኒውን መለስኩላት፤ ማጠቢያው ሥር የማያዳልጥ ምንጣፍ አነጠፍን፣ ከፍ ያለ ወንበር አስቀመጥንላት። የሽሮውን ቅመም የምታመጣጥነው እሷ ሆነች። በረንዳችን ላይ በቀለም ቆርቆሮ ጤና አዳምና በሶብላ ተክላለች፤ ቡና ሲፈላ ቅጠሉን የምትቀነጥበው ራሷ ናት። የምታግዘን ልጅም ብቸኛ ነበረች ለካ፤ ከገጠር መጥታ ከእናቷ ርቃ። አሁን ቀን ቀን ሁለቱ አብረው ናቸው።

በየወሩ 23 ደግሞ ከሥራ አስፈቅጄ ጠዋት ጊዮርጊስ እወስዳታለሁ። ይህንን ማንም እንደሷ ያለ ሰው ያለው እንዳይተወው እለምናለሁ። የተበተኑት የሰፈር ሰዎች በሌላ ቀን አይገናኙም፤ በ23 ግን ካሉበት ዳር ሁሉ በሁለትና በሦስት ታክሲ መጥተው በዚያች ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይገናኛሉ። የመጀመሪያ ቀን ከደጀ ሰላሙ ስንገባ አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ከሩቅ አይታት ዘንጓን ጥላ ስትሮጥ አየሁ። ሁለቱ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ቅዳሴው እስኪጀመር ማን የት እንደገባ፣ ማን እንዳረፈ፣ ማን ልጅ እንደዳረ ተነጋገሩ። ወደ ውጭ ስንወጣ የድሮ ሰፈራቸው በነበረበት በኩል አላየችም። «ታቦቱ ካለ ሰፈሩ አለ» አለችኝ ደረጃውን እየወረድን።

ጥቅምት የጀመርነው ፈትል ግንቦት ላይ ደረሰ። በዐቢይ ጾም ብዙ ሠራን፤ በሰሙነ ሕማማት ግን ጭራሽ አልነካነውም። ልቃቂቶቹን በፌስታል ይዘን እኔና እናቴ ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ሄድን። እዚያ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች አሉ፤ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መወርወሪያውን ከቀኝ ግራ ሲወረውሩ ማየት በራሱ ደስ ይላል። ሸማኔው ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየዳሰሰ ለሁለት ከፈላቸው። አንዱን ክምር እያሳየ እናቴን «እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ነው» አላት። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «እህቴ፣ ይሄኛው ማግ ይሆናል፤ ለድር ግን አይሞከርም፣ ይበጠሳል» አለኝ። ድሩን ከፋብሪካ ክር እናድርገው፣ ማጉን ከእናንተ ፈትል አለ። ዛሬ አብዛኛው የፈትል ጋቢ የሚሠራው እንደዚያ ነው፤ ድር በቁመት ተወጥሮ የመወርወሪያውን ምት የሚችል ጠንካራ ክር ይፈልጋል፤ ማግ በመሃሉ የሚወረወረው ነው። ስለዚህ አዲስ ጀማሪ ክሬ ወፍራም ሆነ ብላችሁ አትጣሉት። ማግ ይሆናል፤ እንዲያውም ጋቢውን የሚያሞቀው እሱ ነው።

ጋቢው ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ ደረሰ። አራቱ እጥፍ ተሰፍቶ፣ ነጭ፣ ጥለት የሌለው። በብርሃን ሲታይ የእኔ ክር ያለበት ቦታ ጎርበጥበጥ ይላል፤ የእናቴ ክር ያለበት እንደ ውኃ የተስተካከለ ነው። ልጄ ግን በጣቱ እየዳሰሰ «ይሄ የእማዬ፣ ይሄ የእማምዬ» እያለ ይለየዋል። ያለዚያ ጋቢ አይተኛም። የአባቴም ግማሽ ልቃቂት ውስጡ አለ፤ እናቴ ራሷ ናት አውጥታ ለሸማኔው የሰጠችው።

አሁን የምጽፈው ከሁሉም የከበደኝን ነው። ጋቢው እንዳለቀ እናቴ አመልማሎ እያንከባለለች፣ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ ዓይነት ድምፅ፣ «እንግዲህ የራሴን ልፍተል» አለች።

«የምንሽን?»

«መገነዣዬን።»

እንዝርቷን አስቀመጥኩ። ክፉ ቃል አልተናገርኳትም፤ ግን ትሪውን አንስቼ ወጥ ቤት አስገባሁት። «እኔ እያለሁ ስለዚህ አይወራም» አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ከፈትን። እሷም አልተከራከረችኝም። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ያው የድሮው ቦታዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

ለነፍስ አባታችን ነገርኳቸው። እሷን ይመክሩልኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ እናትሽ ፈርታ ነው ወይስ ተረጋግታ?» ብለው ጠየቁኝ። «ተረጋግታ ነው አባ» አልኩ። «እንግዲያው የፈራሽው አንቺ ነሽ። ለመንገዷ ስታሰናዳ አትከልክያት» አሉኝ። ከእሳቸው ወጥቼ በሥላሴ ካቴድራል በኩል በእግሬ ወደ ቤት ስሄድ ያ ሲኒ ትዝ አለኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ከእጇ ቀምቻት ነበር።

ቤት ገብቼ ትሪውን ከወጥ ቤት አመጣሁት። ምንም አላልኩም፤ አጠገቧ ተቀምጬ ባዘቶውን ማፍታታት ጀመርኩ። እሷም ምንም አላለችም። የመጀመሪያውን አመልማሎ አንከባልዬ ስሰጣት እጄን ይዛ ሳመችው። አለቀስኩ፤ እሷ ግን እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ውዳሴዋን ጀመረች።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሴት ልጄ ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ስልኳን አልያዘችም። «ይሄ ደግሞ ለማን ነው እማምዬ?» አለቻት። እኔ ደንግጬ አፌን ልከፍት ስል እናቴ ቀደመችኝ። «የኔ ነው። ቀጭን መሆን አለበት። ዓይኔ ደክሟል፣ የናትሽ እጅ ደግሞ ገና ነው» ብላ ጠጋ አለችላትና አጠገቧ ቦታ ሰጠቻት። ልጄ ተቀመጠች። አያቷ እንዝርቷን ጣቷ ውስጥ አስገባችላት። ክሩ ወዲያው ተበጠሰ።

«ቋጠሮ አትቋጥሪ» አለቻት። «ሁለቱን ጫፍ አፍታቺው።»

ዛሬ ወሩ 20 ነው፤ ነገ ማርያም ናት። እንዝርቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች፣ ልጄ ግን ከበዓሉ በኋላ የምትፈትለውን አመልማሎ ከወዲሁ ቆጥራ ትሪው ላይ ደርድራዋለች።